መኪናን ከዐቅሙ በላይ ስለ ማስሮጥና ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ



ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን ገበያ አዲስ ዓይነት ደንበኛ ተገኝቷል። ይኸውም ቢትኮይን የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ በስሌት የሚያወጡ መኪናዎችን ጭኖ የመጣው የውጭ አገር ኩባንያ ነው። ቻይና ይህን ሥራ በ2013 ዓ.ም. ማገድ ከጀመረች ወዲህ አያሌ ባለመኪናዎች ርካሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ፍለጋ በየአገሩ ሲዞሩ ቆይተው ከፊሎቹ ወደ እኛ ዘልቀዋል። ከነጋዴዎቻችን ጋር የሚያገናኛቸው ግን ቢትኮይኑ አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ ይህ ገንዘብ በኢትዮጵያ ውስጥ መገበያያ እንዳልሆነ በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል። ከእኛ የሚፈልጉት ኬብል፣ ብሬከር፣ የማከፋፈያ ሣጥን፣ ኮንቴይነር፣ ማራገቢያ፣ የጭነት መኪናና ጉምሩክ የሚያውቅ ትራንዚተር ነው። ይህም ደኅና ንግድ ነው። አንድ ነገር ባይጎድለው ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዕር ባላነሣሁም ነበር።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን በመጨረስ ያበቃ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ለሆኑ አንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ፕሮፎርማ አዘጋጃለሁ፤ የኤልሲ ወረቀት ይዤ ወደ ባንክ እመላለሳለሁ፤ ውል እጽፋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ሐሳብ በቤተ ሙከራ የተገኘ ሳይሆን ከደብዳቤ መዝገብና ከአምፔር መለኪያ የተገኘ መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. አሠሪዬ ከእነዚህ ኩባንያዎች ለአንዱ ኬብልና ብሬከር ለማቅረብ ተዋዋሉ። ከዋጋው ስድሳ በመቶው ዕቃው ሲረከብ፣ ቀሪው አርባ በመቶ ደግሞ መሥመሩ ዘጠና ቀን ያለ እንከን ሲሠራ እንዲከፈል ተስማሙ። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ላይ ከደንበኛው አንድ ደብዳቤ ደረሰን፤ ያቀረባችሁት ኬብል ከደረጃ በታች ስለ ሆነ ሽፋኑ ቀልጧል፣ በሁለት ኮንቴይነሮች ውስጥ ጭስ ታይቷል፣ ስለዚህ ቀሪውን ሒሳብ አንከፍልም፣ የደረሰብንንም ጉዳት እንጠይቃለን የሚል ነበር። አሠሪዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ዝም አሉ። የገንዘቡ ነገር ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ ይልቅ ያስጨነቃቸው ግን በአርባ ዓመት ንግድ ውስጥ «ዕቃው የተበላሸ» ተብሎ የተጻፈላቸው የመጀመሪያው ደብዳቤ መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ኤሌክትሪሺያናችንን ይዘን ወደ ሥፍራው ሄድን። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ መኪና 3250 ዋት እንደሚፈጅ ተጽፎ ነበር፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ከ15 አምፔር ጥቂት ያነሰ ነው። ኬብሉም ብሬከሩም የተመረጡት በዚሁ ልክ ነው። ኤሌክትሪሺያናችን መለኪያውን በሽቦው ላይ ሲያጠልቀው ግን ከ21 አምፔር በላይ ተነበበ። ሣጥኑን ስንከፍተው ደግሞ እኛ ያስረከብናቸው ባለ 20 አምፔር ብሬከሮች ወጥተው በምትካቸው ባለ 32 ተተክተዋል። የቦታው ጠባቂ ቴክኒሽያን አገር ልጅ ነው፤ ነገሩን ለመደበቅም አላሰበም። «ጋሼ፣ የእናንተ ብሬከር እየቆረጠ አስቸገረን እኮ» አላቸው። «ለምን ቆረጠ?» ቢሉት፣ «በኦቨርክሎክ ነው የምንሠራው፤ መብራቱ ርካሽ ነው፣ ለምን እንቆጥባለን?» ሲል መለሰ።

እንግዲህ ኦቨርክሎክ ማለት ምን እንደ ሆነ ላልሰማ ነጋዴ በአጭሩ ላስረዳ። ቢትኮይን የሚያወጣ መኪና ሥራው ዕጣ ማውጣት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ኤስ19 ፕሮ የተባለው መኪና ሠሪው ፋብሪካ በወሰነለት ፍጥነት 110 ቴራሃሽ ይሠራል፤ ይኸውም በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 110 ትሪሊዮን ጊዜ ይገምታል ማለት ነው። በውስጡ ያሉት ቺፖች የሚመቱት በተወሰነ ድግግሞሽ ሲሆን፣ ፈርምዌር በሚባለው የማዘዣ ጽሑፍ አማካይነት ይህ ድግግሞሽ ከፋብሪካው ልክ በላይ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ግምቱም በዚያው መጠን ይበዛል። ነገር ግን ቺፑ በፈጠነ ቁጥር እንዳይሳሳት ቮልቴጁ አብሮ መጨመር አለበት። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቺፕ ፍጆታ ከድግግሞሹ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። ድግግሞሹን በሃያ በመቶ፣ ቮልቴጁን በአሥር በመቶ ብናሳድግ ሥራው በሃያ በመቶ ሲጨምር ፍጆታው በአርባ አምስት በመቶ ይጨምራል። 3250 ዋት የነበረው 4700 ዋት ያልፋል፤ ይህም በ220 ቮልት 21 ተኩል አምፔር ያህል ነው። መለኪያችን ያነበበው ይህንኑ ነው።

በሽቦ ውስጥ ያለው ሙቀትም እንዲሁ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ አርባ አምስት በመቶ ተጨማሪ አምፔር የኬብሉን ሙቀት ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ያን ዓይነት ሸክም በሞቀ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ከሌሎች ጋር ተጠቅልሎ የታሰረ ኬብል ይሸከመው ማለት ለአንድ ኩንታል የተሠራን ጆንያ ሁለት ኩንታል ሞልቶ ሲቀደድ ሸማኔውን እንደ መክሰስ ነው።

ወደ ቢሮ ስንመለስ አሠሪዬ፣ «እስቲ ቁጥሩን አስቀምጠው፤ ለመሆኑ ያተርፉበታል ወይ?» አሉኝ። ስሌቱን ሠራሁት። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ጋዜጦች የተነገረው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሣንቲም ነበር። አንድ ቴራሃሽ በቀን የሚያስገባው ገንዘብ እንደ ገበያው ይወጣል ይወርዳል፤ ለስሌት ያህል አምስት ሣንቲም ነው እንበል። መኪናው በፋብሪካው ልክ ሲሠራ በቀን 5 ዶላር ከ50 ሣንቲም ያስገባና 2 ዶላር ከ45 ሣንቲም ለኤሌክትሪክ ይከፍላል፤ 3 ዶላር ከ5 ሣንቲም ይቀረዋል። ከልኩ በላይ ሲሮጥ 6 ዶላር ከ60 ሣንቲም ያስገባል፤ ለኤሌክትሪክ ግን 3 ዶላር ከ56 ሣንቲም ስለሚከፍል የሚቀረው 3 ዶላር ከ4 ሣንቲም ነው። የሳትሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ ኬብል መቅለጥ አንዲት ሣንቲም አጎደለ እንጂ አልጨመረም።

ዋጋው ወደ አራት ሣንቲም ቢወርድስ? በፋብሪካው ልክ የሚሠራው 1 ዶላር ከ95 ሣንቲም ይቀረዋል፤ የሚሮጠው 1 ዶላር ከ72። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ተቃራኒው ነው። ድግግሞሹን በሃያ በመቶ፣ ቮልቴጁን በአሥር በመቶ ቢቀንሱት ፍጆታው ከሢሶ በላይ ይወርዳል፤ የሚቀረውም ትርፍ 1 ዶላር ከ93 ሣንቲም ነው። ሁለት ሣንቲም ብቻ ጎድሎ የኤሌክትሪኩ ሢሶ ይተርፋል፣ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ብልሃት ለሞያው ሰዎች አዲስ አይደለም። በቻይና የስችዋን ክፍለ ሀገር በዝናብ ወራት ወንዙ ሞልቶ ኃይሉ ሲረክስ ማስሮጥ፣ በበጋ ኃይሉ ሲወደድ ማዝገም ለባለመኪናዎቹ የታወቀ ብልሃት ነበር። ታዲያ እኛ ዘንድ ሲደርሱ «ርካሽ ነው» በሚል አንድ ቃል ብቻ ስሌቱን መርሳታቸው ምንድን ነው?

አሁን ስለ ማቀዝቀዣው ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ ከእኛ ነጋዴዎች ብዙዎቹ እየተሳሳቱ ማራገቢያ ሲሸጡ አያለሁ። ሻጩም ገዢውም «አዲስ አበባ ብርድ አገር ነው፤ እዚህ መኪና አይግልም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን ስስ ነው። ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ባለቤቴ ባቄላ ስትቀቅል በዚህ ከተማ ለምን ከድሬዳዋ ይልቅ እንደሚዘገይ ታውቃለች፤ ውኃችን መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላልና። ጀኔሬተር አስመጪዎችም በደጋ ላይ የሞተሩ ጉልበት እንደሚቀንስ ያውቁታል፤ ለዚሁ ሲባል ገዢውን ከፍ ያለ ቁጥር ያስመርጡታል። ማራገቢያ የሚሸጥ ሰው ግን ይህን ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር ስፋት እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ሙቀትን የሚሸከመው ግን የአየሩ ስፋት ሳይሆን ክብደቱ ነው። በባሕር ዳርቻ መኪናውን አልፎ ሲወጣ 15 ዲግሪ የሚሞቅ አየር በአዲስ አበባ በዚያው ማራገቢያ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። መኪናው ከልኩ በላይ ሲሮጥ ደግሞ 28 ዲግሪ ያልፋል። ቀትር ላይ በ22 ዲግሪ የገባው አየር በ50 ዲግሪ ይወጣል ማለት ነው፤ ቺፑ ራሱማ ከዚያ እጅግ በላይ ይግላል። የጋለ ቺፕ ደግሞ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ ኃይል ይፈጃል። በኃይል መስጫው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮችም በሞያው ልማድ ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል ይባላል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የብየዳው ነጥብ ቀዝቅዞ እንደ ገና ስለሚግል ይሰነጠቃል። የከተማችንን መብራት ሁኔታ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከአየር ሌላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መኪናውን እንዳለ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ዘይት ውስጥ መንከር ነው፤ ማራገቢያው ይወልቃል፣ አቧራው ይቀራል፣ ጩኸቱም ይጠፋል። ሌላው ቺፑን በሚነካ ሰሐን ውስጥ ውኃ ማዞር ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከአንድ ሜትር ኩብ አየር ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚሸከም እጅግ ይበልጣል። ማስሮጥ ግድ ከሆነ መሮጥ ያለበት በእነዚህ ውስጥ ነው። ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባው ግን አለ። ተራው የፒቪሲ ኬብል ሽፋን በማዕድን ዘይት ውስጥ ሲከርም ያለሰልሰው የነበረው ነገር ወጥቶ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለዘይት የሚሆን ኬብል ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። በሰሐኑ የሚዞረውም ውኃ ማዕድኑ የወጣለት መሆን አለበት፤ በማንቆርቆሪያችን ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ነገር በፀጉር ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ቢጋገር ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

የሌላውን ወገን ሐሳብ ሳላቀርብ ባልፍ ግን ዐድላዊ እሆናለሁ። አንድ የውጭ አገር ኃላፊ ለአሠሪዬ ያስረዳው እንዲህ ነበር፤ መኪናው ቢሮጥም ባይሮጥም በጥቂት ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ ስለዚህ ሳያረጅ ጉልበቱን መጭመቅ ይሻላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስ9 ለአንድ ቴራሃሽ ወደ 98 ጁል ይፈጅ ነበር፤ በ2020 የወጣው ኤስ19 ፕሮ 29 ተኩል፤ ከእርሱ ኋላ የመጣው ኤስ21 ደግሞ 17 ተኩል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሩጫ ውስጥ የአምስት ዓመት መኪና ሽማግሌ ነው። አንድ ቴራሃሽ በቀን አሥር ሣንቲም ቢያስገባም ከላይ ያልሁት ስሌት ይገለበጣል፤ ማስሮጡ በቀን ከአንድ ዶላር በላይ ትርፍ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ፣ ዋጋውን አስቀድሞ በመለሰ አሮጌ መኪና፣ በዘይት ውስጥ፣ ለዚያው በተመረጠ ኬብል ቢያስሮጡ ነውር የለበትም።

ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሁሉም መኪናዎች በዓለም ዙሪያ ቢፈጥኑም ባይፈጥኑም የሚወጣው ቢትኮይን አይበዛም። ብሎክ የሚባለው በአማካይ በየዐሥር ደቂቃው አንድ ሲሆን፣ ሽልማቱ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከ6.25 ወደ 3.125 ወርዷል። በቀን 144 ብሎክ ነው ቢባል 450 ቢትኮይን ያህል ለዓለም ሁሉ ይከፋፈላል ማለት ነው። በየ2016 ብሎኩ፣ ይኸውም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ዕጣውን የማግኘቱ አስቸጋሪነት እንደ መኪናው ብዛትና ፍጥነት ይስተካከላል። ስለዚህ አንዱ የሮጠበትን ጥቅም ሌሎቹም ሮጠው በአሥራ አምስት ቀን ይወስዱበታል፤ ለሁሉም የሚቀራቸው የኤሌክትሪኩ ሒሳብና የተቃጠለው ሰሌዳ ነው። አሠሪዬ ይህን ሲሰሙ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሣቁ፤ ደብዳቤው ከደረሰ ወዲህ ሲሥቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የአገር ጉዳይ አለበት። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ ብዙ ነው። ሆኖም ከግድብ እስከ ሱቅ የሚደርሰው መሥመርና ትራንስፎርመር ገና ጠባብ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለዚህ ሥራ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን በዚያው ዓመት አስታውቋል። ከኃይል ሽያጩ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ጥቅም የማይካድ ነው፤ እኔም ኤልሲ ለማስከፈት ወር ሙሉ የተመላለስሁ ሰው ስለ ሆንሁ የዶላርን ዋጋ አውቃለሁ። ግን ትርፍ በማይጨምር ሩጫ የሚባክነው ኪሎ ዋት ለእህል ወፍጮ፣ ለእንጨት ሥራ ቤት፣ ለዳቦ ጋገሪ ሊሆን ይችል የነበረ ነው። በሠፈራችን ያለው የወፍጮ ቤት ባለቤት መብራት ሲጠፋባቸው ደንበኛው እህሉን ተሸክሞ ሲመለስ የሚያዩበትን ዐይን አይቻለሁ። እርሳቸው የሚከፍሉት በብር ነው፤ ለእርሳቸው ዶላር የሚጠይቅ ሰው የለም፣ ስለዚህም ጉዳታቸው በማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

እንግዲህ ለአባሎቻችን የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። ለእነዚህ ኩባንያዎች ኬብል፣ ብሬከር፣ ማራገቢያ ወይም ትራንስፎርመር የምታቀርቡ ሁሉ «ለይህን ያህል መኪና» ብላችሁ አትዋዋሉ፤ መኪናው ዛሬ ያለው ልክ ነገ አይኖርምና። በመሥመሩ የሚያልፈው ከፍተኛ አምፔር በቁጥር ይጻፍ። ብሬከር ያለ አቅራቢው ዕውቀት ቢለወጥ ዋስትናው የሚፈርስ መሆኑ ይጻፍ። ማራገቢያ ሻጭም ዕቃው የተመዘነው በየትኛው ከፍታ እንደ ሆነ ፋብሪካውን ይጠይቅ፤ መልሱንም በፕሮፎርማው ላይ ያስፍር። ደንበኛው ማስሮጥ ቢፈልግ መብቱ ነው፤ ዕቃው ግን በሚሮጥበት ልክ ይታዘዝ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይከፈል። ምክር ቤታችን ለዚህ የሚሆን አንድ የናሙና ውል አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፣ እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ በየቢሮው ከባዶ ወረቀት ከመነሣት ይድናል።

የእኛ ነገር በሽማግሌ ታይቶ፣ የአምፔር መለኪያው ንባብና የተለወጡት ብሬከሮች ፎቶግራፍ ቀርቦ፣ ከቀሪው ሒሳብ ግማሹ ተከፍሎን ተዘግቷል። ኬብሉ ከደረጃ በታች ነው የሚለው ደብዳቤም በሌላ ደብዳቤ ተሽሯል፤ አሠሪዬ ያን ሁለተኛ ደብዳቤ በካዝናቸው ውስጥ አኑረውታል። ባለፈው ሳምንት ከሌላ ኩባንያ አዲስ ትእዛዝ ስለ መጣ ከላይ የጠቀስኋቸውን አንቀጾች በውሉ ውስጥ አስገብቼ ላክሁ። ማክሰኞ ዕለት ተመልሶ መጣ፤ ስለ ከፍተኛው አምፔር የሚናገረው አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ተሠርዟል፣ ከቀሩት ሥር ግን ፊርማ አለ። አሠሪዬ እስካሁን አልፈረሙም። ወረቀቱ በጠረጴዛዬ ላይ ነው።